የሐሳብ ጠላት፤ ስለ ልምምድ ጦርነት አፈጣጠር አጭር ታሪክ

«ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ» ይባላል። አባቶቻችን ይህን ሲናገሩ፥ በቀጥታ ሲነገር ለመረዳት የሚያስቸግር ቁም ነገር በምሳሌ በኩል ወደ ልብ እንደሚገባ ማስረዳታቸው ነው። ጦርነትን ያህል በቀጥታ ለመማር የሚያስቸግር ነገር ደግሞ የለም። ሌላው ባለሙያ ሥራውን እየሠራ ይማራል፤ አናጢ እንጨት እያበላሸ፥ ሸማኔ ድር እየበጠሰ እጁን ያሠለጥናል። ወታደር ግን የተማረውን ሁሉ በተግባር የሚያውልበት ቀን በዕድሜው አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ቢመጣ ነው፤ በዚያም ቀን የሚበላሸው እንጨት ሳይሆን ሰው ነው። ስለዚህ «ሳይዋጉ ውጊያን መማር እንዴት ይቻላል?» የሚለው ጥያቄ የጦር መሪዎችን ከጥንት ጀምሮ ሲያስጨንቃቸው ኖሯል። ለጥያቄው የተገኘውም መልስ ምሳሌ መፍጠር ነው፤ የሌለ ጠላት፥ የሌለ ድንበር፥ አንዳንድ ጊዜም ከነስሙና ከነቋንቋው የሌለ አገር። በዚህ ጽሑፍ የምናወሳው የዚህን ምሳሌ አፈጣጠር ታሪክ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

ነገሩ በመሠረቱ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በበዓል ቀን በሜዳ ላይ የሚታየው የፈረስ ጉግስ ከጨዋታነቱ በላይ የጦር ትምህርት ነበረ። ፈረሰኞች በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ አንዱ ይሸሻል፥ ሌላው ያባርራል፤ የሚያባርረው ዱላውን ይወረውራል፥ የሚሸሸው በጋሻው ይመክታል። የሚወረወረው ጦር ባይሆንም ፍርሃቱና ትጋቱ እውነተኛ ነው። በአዳራሽ ውስጥ ደግሞ መኳንንቱ ሰንጠረዥ ይጫወቱ ነበር። የአገራችን ሰንጠረዥ ከሌላው ዓለም ሰንጠረዥ የሚለይበት አንድ ደንብ አለው፤ ይኸውም ጨዋታው ሲጀመር ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ አይጠባበቁም። አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ባንድነት፥ እያንዳንዱ በእጁ ፍጥነት ልክ፥ ጠጠሮቹን ያሰልፋል። ይህም የጨዋታ ክፍል «ወረራ» ይባላል። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ጠላት ተራህን እስክትጨርስ እንደማይጠብቅህ ያውቁ ነበር ማለት ነው። የአውሮፓ የጦር ሊቃውንት ይህንኑ ነገር በደንብና በሥርዓት ለመጻፍ ሲሉ ብዙ ዘመን ደክመዋል።

በአውሮፓ የልምምድ ጦርነትን እንደ ትምህርት አድርጎ ያቋቋመው የፕሩስያ መንግሥት ነው። በ1812 ዓ.ም. ፎን ራይስቪትስ የተባለ ባሮን፥ እርሱም ወታደር ሳይሆን የመንግሥት ሹም የነበረ፥ ለንጉሥ ፍሬድሪክ ዊልሄልም 3ኛ አንድ የጠረጴዛ መሣሪያ አቀረበ። ኰረብታው፥ ወንዙ፥ መንደሩና መንገዱ በልዩ ልዩ ቁራጭ የተሠራ ስለ ነበረ፥ ቁራጮቹን በመገጣጠም የተፈለገውን ዓይነት አገር ማበጀት ይቻል ነበር። ንጉሡና ልጆቹ ወደዱት፤ ሆኖም ለቤተ መንግሥት መዝናኛ እንጂ ለሠራዊት ትምህርት ሳይደርስ ቀረ። ወደ ሠራዊቱ ያደረሰው የመድፈኛ መኰንን የነበረው ልጁ ነው። በ1824 ዓ.ም. ልጅየው ራይስቪትስ የጨዋታውን ደንብ በመጽሐፍ አሳተመ፤ በጠረጴዛውም ፈንታ መለኪያው 1 ለ8,000 የሆነ ካርታ አስገባ፤ ጦሩንም ቀይና ሰማያዊ ቀለም በተቀቡ ትንንሽ የብረት ቁራጮች መሰለ። ዛሬም በብዙ አገር የጦር ትምህርት ቤት ተፋላሚዎቹ «ቀይ» እና «ሰማያዊ» እየተባሉ ይጠራሉ።

የጦሩ ጠቅላይ ኤታ ማጆር ሹም ጄኔራል ፎን ሙፍሊንግ ጨዋታውን እንዲመለከቱ በተጋበዙ ጊዜ እንደ ተራ ጨዋታ ቈጥረውት ነበር። ውጊያው በካርታው ላይ እየገፋ ሲሄድ ግን ሐሳባቸውን ለውጠው፥ ይህ ጨዋታ ሳይሆን የጦርነት ትምህርት ቤት ነው ብለው መሰከሩ፤ ለሠራዊቱም ሁሉ እንዲዳረስ አደረጉ። የሚያሳዝነው፥ ፈጣሪው የሥራውን ፍሬ ለማየት አልታደለም፤ በ1827 ዓ.ም. በገዛ እጁ ሞተ።

የዚህን ወጣት መኰንን ሥራ ከተራ ጨዋታ የለዩት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ጊዜ ነው፤ እያንዳንዱ ተራ እንደ 2 ደቂቃ ስለሚቈጠር፥ ጦሩ በ2 ደቂቃ ሊሄድ ከሚችለው በላይ ሊንቀሳቀስ አይችልም። ሁለተኛው መሰወር ነው፤ ተፋላሚው ሊያየው የማይችለው ጦር ከካርታው ላይ ይነሣል፤ ስለዚህ አዛዡ እንደ እውነተኛው ጦርነት በግምትና በወሬ ላይ ተመሥርቶ ይወስናል። ሦስተኛውና ዋናው ዳኛው ነው። ተፋላሚዎቹ ትእዛዛቸውን ጽፈው ለዳኛው ይሰጣሉ፤ ዳኛውም የሁለቱን ወገን ምስጢር ይዞ፥ የጉዳቱንም መጠን በዕጣ ጠጠርና በሰንጠረዥ እየለካ ውጤቱን ይነግራቸዋል። ኋላ በ1876 ዓ.ም. ቬርዲ ዱ ቬርኖዋ የተባለ የፕሩስያ ጄኔራል የዕጣውና የሰንጠረዡ ብዛት ትምህርቱን አንዛዛው ሲል፥ ልምድ ያለው ዳኛ በራሱ ማስተዋል ይፍረድ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የልምምድ ጦርነት ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ይመላለሳል፤ በጽኑ ደንብና በሰው ፍርድ መካከል። ፍርዱ ለሰው በተተወበት ስፍራ ሁሉ ደግሞ የዳኛው ሕሊና ከመድፍ የማያንስ የጦር መሣሪያ ይሆናል።

ፕሩስያ በ1870 እና በ1871 ዓ.ም. ፈረንሳይን ድል ካደረገች በኋላ ሌሎቹም መንግሥታት ይህን ትምህርት እየተሽቀዳደሙ ወሰዱት። በአሜሪካ ኒውፖርት በ1884 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሕር ኃይል ከፍተኛ ትምህርት ቤት በወለልና በጠረጴዛ ላይ የባሕር ጦርነትን ማጫወት ጀመረ። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በነበሩት ዓመታት መኰንኖቹ ከጃፓን ጋር ሊደረግ ስለሚችለው ጦርነት ደጋግመው ተጫወቱ። አድሚራል ኒሚትዝ ከጦርነቱ በኋላ እንደ መሰከሩት፥ በፓሲፊክ ከሆነው ነገር ሁሉ፥ አውሮፕላናቸውን ከነራሳቸው በመርከብ ላይ ከሚጥሉት የጃፓን አብራሪዎች በቀር፥ በትምህርት ቤቱ አስቀድሞ ያልታሰበ አልነበረም።

ሆኖም ልምምድ መኖሩ ብቻ አይበቃም። በ1942 ዓ.ም. በዚያው በአንድ ጦርነት የሆኑ ሁለት ታሪኮች ይህን በግልጥ ያሳዩናል።

የመጀመሪያው የጃፓን ነው። በዚያ ዓመት በሜይ መጀመሪያ የጃፓን የባሕር ኃይል አዛዦች «ያማቶ» በተባለው ታላቅ የጦር መርከብ ላይ ተሰብስበው፥ በሚድዌይ ደሴት ላይ ሊያደርጉ ያሰቡትን ዘመቻ በጨዋታ ሞከሩት። የጨዋታው የበላይ ዳኛ አድሚራል ኡጋኪ ነበሩ፤ እርሳቸውም የጦሩ አለቃ የአድሚራል ያማሞቶ ኤታ ማጆር ሹም ነበሩ። በጨዋታው መካከል ከመሬት የተነሡ የአሜሪካ አውሮፕላኖች በጃፓን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ላይ አደጋ ጣሉ። ፉቺዳና ኦኩሚያ የተባሉት የጃፓን የባሕር ኃይል መኰንኖች ከጦርነቱ በኋላ እንደ ጻፉት፥ በዕጣው መሠረት 9 ቦምቦች ስለ መቱ «አካጊ» እና «ካጋ» የተባሉት ሁለቱ መርከቦች ሰጠሙ ተብሎ ተፈረደ። አድሚራል ኡጋኪ ግን ፍርዱን ሽረው 9 የተባለው 3 ይሁን አሉ። በዚህም «ካጋ» ብቻ ሰጠመች፥ «አካጊ» ጥቂት ተጐዳች ተባለ። ቈይታም ሰጠመች የተባለችው «ካጋ» በሚቀጥለው የጨዋታ ክፍል እንደ ገና ስትዋጋ ታየች። በአዳራሹ ከተቀመጡት ትልልቅ መኰንኖች መካከል ይህን የተቃወመ አልነበረም።

ጁን 4 ቀን 1942 ዓ.ም. በእውነተኛው ባሕር ላይ «አካጊ»፥ «ካጋ»፥ «ሶርዩ» እና «ሂርዩ» አራቱም በአንድ ቀን በቦምብ ተመቱ፤ አራቱም ሰጠሙ። እዚህ ላይ ለእውነት ያህል መናገር የሚገባን ነገር አለ። ያሰጠሟቸው አውሮፕላኖች የተነሡት በጨዋታው እንደ ታሰበው ከመሬት ሳይሆን ከአሜሪካ ተሸካሚ መርከቦች ነው። ስለዚህ ጨዋታው ትንቢት አልነበረም። ማስጠንቀቂያ ግን ነበረ፤ መርከቦቹ ሳይዘጋጁ አደጋ ቢደርስባቸው ምን እናደርጋለን? የሚል ጥያቄ አቅርቦ ነበር። የዕጣው ጠጠር የጠየቀውን ጥያቄ ዳኛው በሥልጣናቸው ዘጉት። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው የአገራችን ብሂል የተነገረው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የእንግሊዝ ነው። በዚያው በ1942 ዓ.ም. መጀመሪያ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ወደ እንግሊዝ እህልና መሣሪያ የሚያመላልሱትን የንግድ መርከቦች ያለ ርኅራኄ ያሰጥሙ ነበር። በሊቨርፑል ከተማ በአንድ ሕንፃ ላይ ካፕቴን ጊልበርት ሮበርትስ የሚባሉ በሕመም ምክንያት ከባሕር አገልግሎት የተሰናበቱ መኰንን ትንሽ የትምህርት ክፍል እንዲያቋቁሙ ታዘዙ። ረዳቶቻቸው የባሕር ኃይል የሴቶች አገልግሎት ወጣት ልጃገረዶች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ዕድሜያቸው 20 ዓመት እንኳ አልሞላም። የክፍሉን ወለል ውቅያኖስ አደረጉት፤ የመርከቦቹን መንገድ በጠመኔ አሰመሩበት። የአጃቢ መርከብ አዛዥ ሆኖ የሚጫወተው መኰንን ከመጋረጃ ኋላ ተቀምጦ፥ በቀዳዳ በኩል እውነተኛ አዛዥ በሌሊት ባሕር ላይ ሊያይ የሚችለውን ያህል ብቻ እንዲያይ ተደረገ። የሰርጓጁ መንገድ የተሰመረበት ጠመኔ ደግሞ በቀዳዳው በኩል እንዳይታይ ቀለሙ የተመረጠ ነበር።

ሮበርትስና ልጃገረዶቹ ከባሕር የመጡትን የውጊያ ሪፖርቶች በወለሉ ላይ ደግመው ሲያጫውቱ አንድ ነገር ገረማቸው። በዚያን ጊዜ የነበረው እምነት ሰርጓጁ ከመርከቦቹ ተርታ ውጭ ሆኖ ይተኩሳል የሚል ነበር። በወለሉ ላይ የተሰመረው መንገድ ግን በዚህ እምነት ሊፈታ አልቻለም፤ ሊፈታ የቻለው ሰርጓጁ በሌሊት ከኋላ መጥቶ በተርታው መካከል ገብቷል ሲባል ብቻ ነበር። ስለዚህ አጃቢዎቹ ወደ ውጭ ተበታትነው በመሮጥ ፈንታ ወደ ተርታው ተመልሰው ዙሪያውን በሥርዓት እንዲያስሱ አዲስ ስልት ተቀየሰ፤ ስሙም «ራስፕቤሪ» ተባለ። በኋላም የአካባቢው የባሕር ኃይል አዛዥ ሆነው የተሾሙት አድሚራል ማክስ ሆርተን፥ እርሳቸውም በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሰርጓጅ መርከብ አዛዥ የነበሩ፥ በወለሉ ላይ ሰርጓጅ ሆነው ተጫወቱ፤ ጃኔት ኦኬል የምትባል ወጣት ልጅም አምስት ጊዜ እንዳሸነፈቻቸው ይተረካል። አድሚራሉ መሸነፋቸውን ለማጥፋት ፍርዱ ይሻር አላሉም። ጦርነቱ እስኪያልቅ ድረስ ወደ 5,000 የሚሆኑ መኰንኖች በዚያ ወለል ላይ ተምረው ወጥተዋል።

እነዚህን ሁለት አዳራሾች ስናስተያይ፥ በያማቶ የነበሩት መኰንኖች በዕውቀትም በጀግንነትም ከሊቨርፑል ልጃገረዶች ያነሱ አልነበሩም። የለያቸው የሐሳብ ጠላታቸው አያያዝ ነው። በአንደኛው አዳራሽ ጠላት እንዲሸነፍ ተወስኖለታል፤ በሁለተኛው ጠላት ቢችል እንዲያሸንፍ ነጻነት ተሰጥቶታል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው በካርታና በወለል ላይ ስለሚደረገው ልምምድ ነው። ሠራዊት በእግሩ ወጥቶ ሲለማመድ ደግሞ ፈጠራው ወደ አገርና ወደ ሕዝብ ይሰፋል። በ1941 ዓ.ም. አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ከመግባቷ ጥቂት ወራት አስቀድሞ በሉዊዚያና ግዛት ወደ 400,000 የሚሆን ወታደር የተካፈለበት ታላቅ ልምምድ ተደረገ። ለዚህም ልምምድ «ኮትምክ» እና «አልማት» የሚባሉ ሁለት የሐሳብ መንግሥታት ተፈጠሩ፤ ስማቸውም ከእውነተኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ስም የመጀመሪያ ፊደላት የተቀነባበረ ነበር። የጠባቸው ምክንያት በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ መርከብ የመንዳት መብት ነው ተባለ። ታንክ ስላልበቃ በጭነት መኪናዎች ላይ «ታንክ» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ፤ በቦምብም ፈንታ የዱቄት ከረጢት ከአውሮፕላን ይጣል ነበር። ነገሩ የሚያስቅ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያ ጭቃ ውስጥ የትኛው አዛዥ እንደሚችልና የትኛው እንደማይችል ስለ ታወቀ፥ አይዘንሃወርና ፓተን ስማቸው የተሰማው ከዚያ ወዲህ ነው።

ከጦርነቱም በኋላ አሜሪካኖች «አግሬሰር» የተባለ የሐሳብ ጠላት አበጁ። ይህ ጠላት የራሱ ታሪክ፥ የራሱ ዩኒፎርም፥ የራሱ ማዕርግና አርማ ነበረው። ቋንቋው ምን ይሁን ሲባል፥ ማንንም ሕዝብ ላለማስቀየም ኤስፔራንቶ ተመረጠለት። ኤስፔራንቶ በ1887 ዓ.ም. ዛመንሆፍ የተባለ ሐኪም ሕዝቦችን ሁሉ ለማስታረቅ ብሎ የፈጠረው ቋንቋ ነው። ለሰላም የተፈጠረ ቋንቋ የጠላት ቋንቋ ሆኖ በጦር ሠራዊት መጽሐፍ መታተሙ የሰው ልጅ አሳብ ወዴት እንደሚዞር አስቀድሞ የማይታወቅ መሆኑን ያሳያል።

የሐሳብ አገር ግን የሚቆመው በእውነተኛ መሬት ላይ ነው፤ እውነተኛ መሬት ደግሞ ባለቤት አለው። በደቡብ እንግሊዝ ኢምበር የምትባል መንደር ነበረች። በኖቬምበር 1943 ዓ.ም. የመንደሩ ሰዎች በትምህርት ቤታቸው ተሰብስበው፥ የአሜሪካ ወታደሮች የመንደር ውጊያ የሚለማመዱበት ስፍራ ስለሚያስፈልግ በ47 ቀን ውስጥ ልቀቁ ተባሉ። ቁጥራቸው ከ150 ብዙ አይበልጥም ነበር። ለቀቁ። ወደ ቤታችን እንመለሳለን ብለው ያሰቡት እነዚያ ሰዎች ተመልሰው እንዲኖሩ አልተፈቀደላቸውም። ታይንሃም የምትባል ሌላ መንደርም በዚያው ዓመት በዲሴምበር እንዲሁ ሆነች። ወታደሩ የሰው መንደር እንዴት እንደሚያዝ ይማር ዘንድ የራሱ ወገን መንደር ባዶ ሆነ። ይህን የምንጽፈው ልምምዱ ከንቱ ነበር ለማለት አይደለም፤ ነገር ግን በምሳሌ የሚደረግ ጦርነት እንኳ በእውነት የሚከፍል ሰው እንዳለው መረሳት የለበትም።

ከዚያ ወዲህ የሐሳብ አገር አሠራር እየረቀቀ ሄደ። በካሊፎርንያ በረሃ በሚገኘው ፎርት ኧርዊን በ1980ዎቹ ዓመታት የሶቭየትን ጦር የሚመስል የልምምድ ጠላት ተቋቋመ። ከ2003 ዓ.ም. የኢራቅ ጦርነት በኋላም በዚያው በረሃ ገበያና መስጊድ ያላቸው መንደሮች ተሠሩ፤ ከመካከላቸው አንዷ «መዲና ዋስል» ትባል ነበር። ዐረብኛ የሚናገሩ ሰዎችም ከንቲባና ነጋዴ ሆነው እንዲጫወቱ ተቀጠሩ። የጦር መሪዎች በመጨረሻ የተረዱት፥ በጦር ሜዳ ላይ ጠላትና ወገን ብቻ ሳይሆን የሚኖርበት ሕዝብ ጭምር መኖሩን ነው።

ይህ ሁሉ ጥበብ ግን የያማቶን ስሕተት ከመድገም አላዳነም። በ2002 ዓ.ም. አሜሪካኖች 13,500 ሰዎች የተካፈሉበትና ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት «ሚሌኒየም ቻሌንጅ» የሚባል ልምምድ አደረጉ። የጠላትን ጦር እንዲመሩ የተመረጡት ጡረተኛው የባሕር ወለድ ጦር ሌተና ጄኔራል ፖል ቫን ራይፐር ነበሩ። እርሳቸውም ሬዲዮናቸው እንዳይጠለፍ መልእክታቸውን በሞተር ብስክሌት እየላኩ፥ በድንገተኛ አደጋ በኮምፒውተሩ ላይ 16 የጦር መርከቦችን አሰጠሙ። የልምምዱ አዛዦች መርከቦቹ እንዲነሡ፥ ጨዋታውም እንዲቀጥል አዘዙ። ከዚህም በኋላ የጠላት ጦር በነጻነት እንዳይንቀሳቀስ ተከልክሏል ብለው ጄኔራሉ ሥራቸውን ተዉ።

የአዛዦቹም ምክንያት መሰማት ይገባዋል። በሺህ የሚቈጠሩ ወታደሮች በሜዳ ላይ ተሰልፈው ሳለ ልምምዱ በመጀመሪያው ቀን ቢያልቅ የሌላው ሰው ትምህርት ሁሉ ይቀር ነበር። በእኛም አስተያየት የሰጠመ መርከብ ለትምህርት ሲባል ቢነሣ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ መርከቡ ሲነሣ የሰጠመበት ምክንያትም አብሮ የተረሳ እንደ ሆነ ነው። ዳኛው «ጨዋታው ይቀጥል፤ ነገር ግን ሰጥመናል፤ ለምን እንደ ሰጠምን ተጽፎ ይቀመጥ» ለማለት ድፍረት ካለው የጠፋ ነገር የለም። ይህን ካልተናገረ ግን ከድሉ በኋላ የሚጻፈው ሪፖርት ወታደሩን ሳያውቅ ወደ ሞት ይመራዋል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከዚህ ታሪክ የሚተርፈን ሌላም ቁም ነገር አለ። በ2015 ዓ.ም. የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ድርጅት በኢጣልያ፥ በስፔንና በፖርቱጋል ወደ 36,000 የሚሆን ወታደር ያሰለፈ ልምምድ አድርጎ ነበር። ለልምምዱ የተፈጠረው አገር «ምሥራቅ ሴራሲያ» የሚባል ሲሆን፥ አሳቡ የተወሰደው ከአፍሪካ ቀንድና ከቀይ ባሕር አካባቢ ነው። «ካሞን» የሚባለው የሐሳብ መንግሥት በውሃ እጥረት ምክንያት «ላኩታ» የሚባለውን ጎረቤቱን ይወርራል፤ ግድቦቹንም ለመያዝ ይዋጋል። ይህን ያነበበ የአገራችን ሰው ልቡ ሳይነካ አይቀርም። የእኛን ወንዝና ባሕር የሚመስል ነገር በሌሎች ጠረጴዛ ላይ ምሳሌ ሆኖ ተቀምጧል።

በዚህ መቈጣት አይገባንም፤ ራሱን የሚጠብቅ መንግሥት ሁሉ በየትኛውም አገር ላይ ማሰቡ አይቀርም። ነገር ግን ምሳሌ የሚማረውን ሰው ዓይን ይሠራል። አንድ ወጣት መኰንን ስለ አንድ አካባቢ ከልምምድ ካርታ በቀር ሌላ ዕውቀት ከሌለው፥ ሕዝቡን የሚያውቀው በጠብና በጥማት ብቻ ነው፤ ገበሬውን፥ ካህኑን፥ ሼኩን፥ የገበያዋን ሴት አያውቃቸውም። ስለዚህ የራስን አገር ታሪክ፥ መሬትና ኑሮ በሚገባ ጽፎ ማቅረብ የደራሲና የታሪክ ጸሐፊ ሥራ ብቻ ሳይሆን የመከላከያም ሥራ ነው እንላለን። ባለቤቱ ያልጻፈውን አገር እንግዳ እንደ መሰለው ይጽፈዋልና።

እኛም በበኩላችን የራሳችንን የልምምድ ምሳሌ ስናዘጋጅ፥ የምንፈጥረው ጠላት ከእኛ ያላነሰ ብልህ፥ ምክንያት ያለው፥ ማሸነፍም የሚችል መሆን አለበት። በዳኝነት የምናስቀምጠውም ሰው ለአለቃው «ተሸንፈዋል» ለማለት የማያፍር፥ አለቃውም ይህን ሰምቶ የማይቀየመው ሊሆን ይገባል። በጠመኔ በተሰመረ ባሕር ላይ የሰጠመ መርከብ ነገ በደስተር ይጠፋል፤ በውስጡም ያለቀሰች እናት የለችም።